ባዶ ድንጋይ ልጅ ይጠራል

በዚያን ቀን ሜዳው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ የሺ፤ የጤና ክፍሉ ሾፌር ፈይሳ፤ የሕፃናት መዋያው ኃላፊ አኮ ጂፋሬ፤ ወጥ ሠሪዋ ደሜ፤ ዘበኛው ኦቦ ቶለራ፤ ቅሏን ይዛ ከአጥር ውጭ ቆማ ታየን የነበረች አንዲት ወተት ሻጭ። ከሕፃናቱ ደግሞ ጫላ፣ አበበች፣ መንታዎቹ ኤባና ኤቢሴ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው ቶሎሳ፣ አፍንጫዋ የማይደርቀው ጥሩነሽ፣ ሌሎችም ስማቸው የጠፋብኝ። ስንት እንደ ነበሩ አልጽፍም፤ አልቆጠርኳቸውምና አላውቅም። አለቃዬ ሲስተር ራሔል አልነበሩም። የኦቦ ገቢሳ ልጅ ለሊሴም ሜዳው ላይ አልነበረችም። እሷ ቤት ውስጥ ከተጠቀለለው ሰሌን ጀርባ ተኝታ ነበር። እኔ ግን በመንግሥት ቅጽ ላይ «ሁሉም ወጥተው ተቆጥረዋል» ብዬ ምልክት አደረግሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጆቼ «እማዬ፣ የሥራሽን ነገር ጻፊው» እያሉ ደብተር ገዝተው አመጡልኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም በጃንሆይ ዘመን በወለጋ ከተሞች የተከፈቱትን የመንግሥት ሕፃናት መዋያዎች እየዞርን ስንመረምር፣ ከነቀምት እስከ ደምቢ ዶሎ እግሬ ያልረገጠው መዋያ አልነበረም። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቴ ግን የመጣው ከላይ በጻፍኩት ጥፋት በኩል ስለሆነ ከእሱ ጀመርኩ።

ወደ ሥራው ያስገባኝ ፍርሃቴ ነው። አባቴ ከጎጃም ለንግድ መጥቶ ነቀምት የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ሠርተን ልጆች ወለድኩ። የመጀመሪያ ልጄ ከተወለደ ጀምሮ በአእምሮዬ ያላለፈ አደጋ የለም። ተኝቶ ዝም ካለ ይተነፍስ እንደሆነ በጣቴ አፍንጫውን እለካለሁ። ካስነጠሰ ክሊኒክ ነኝ። እዚያ የምትቀበለኝ ነርስ ሲስተር ራሔል ነበሩ። አንድ ቀን ገና ሳልቀመጥ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ልጁ ደህና ነው፣ ሲስተር። ግን ጎረቤታችን ያሉት የቄስ ተማሪዎች በራቸው የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ቢመጣና ሁሉም ወደ በሩ ቢገፋፉ ማን ስቦ ይከፍተዋል ብዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ።»

ብዕራቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «የሺ፣ አንቺ ታመሻል» አሉ። «በሽታሽ ግን ለመንግሥት ይጠቅማል።»

በዚያው ሰሞን የጤና ክፍሉ ሕፃናት መዋያዎቹን የሚመረምሩለት ሰዎች ይፈልግ ነበር። እናቶቻቸው ቡና ሲለቅሙና ቢሮ ሲሠሩ የሚውሉ ልጆች በእርግጥ ጤናቸው ይጠበቃል ወይ? እሳት፣ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ ቢመጣ ይተርፋሉ ወይ? ይህን እያዩ የሚጽፉ ማለት ነው። ሲስተር የምርመራው ኃላፊ ሆኑና እኔን ረዳት አድርጉልኝ አሉ። የክፍሉ ሹም አቶ መኩሪያ ወረቀቴን አይተው «አራተኛ ክፍል?» ብለው ሳቁ። ሲስተርም «አሥራ ሁለተኛ የጨረሱት በሩ ወደየት እንደሚከፈት አላዩም» አሏቸው። ደሞዜ ትንሽ ነበረች፤ ቢሆንም ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መሬቱን አልረገጥኩትም።

ሲስተር ራሔል ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ የነቀምት ሰው ነበሩ። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ድልድዩ አይታይም። መዋያ ሲገቡ «አከም ጅርቱ? ነጋ?» ብለው ከዘበኛው እስከ እንጨት ፈላጩ የሁሉን ደህንነት ይጠይቃሉ። ከዚያ ማንም ሳይጋብዛቸው ከልጆቹ እንስራ፣ በልጆቹ ኩባያ ውሃ ይቀዳሉ። «ውሃው ንጹሕ ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። ኩባያውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ የወጥ ሠሪዋን ፊት ያያሉ። ፊቷ ካልተለወጠ ይጠጡታል። ከተለወጠ ቀስ ብለው ያስቀምጡና «እስቲ ይህን አፍሉልኝ» ይላሉ።

ቀጥለው መሬት ላይ ቁጢጥ ይላሉ። «ቆመሽ የምታዪው የአዋቂ ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። ቁጢጥ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። አግዳሚ ወንበር ሥር የተረሳ የላምባ ጠርሙስ፣ በግድግዳው ላይ ልክ በልጅ ዓይን ቁመት የወጣ ምስማር፣ ክዳን የሌለው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚታየው ከዚያ ነው። የልጆቹን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገልብጠው ትራኮማ ይፈልጋሉ፤ እከክ በጣቶቻቸው መሀል፤ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ በክንዳቸው። ክንዳቸውን የሚለኩበት ቋጠሮ ያለው ቀይ ክር ሁልጊዜ በኪሳቸው ነበር። ቋጠሮው ላይ ያልደረሰ ልጅ ወተት ይታዘዝለታል።

በመጨረሻ ማንም ሳያስበው በየመዋያው ለደወል የተንጠለጠለውን ብረት ይደውላሉ። «እሳት!» ብለው አይጮኹም፤ ልጅን በውሸት እሳት ማስደንገጥ ኃጢአት ነው ይላሉ። ደውለው የሚያዩትም ልጆቹን አይደለም፤ አዋቂዎቹን ነው። «ልጅ ሁልጊዜ ይሮጣል። ጥያቄው አዋቂው ወዴት ይሮጣል ነው።»

አንድ ጥብቅ ልማድ ነበራቸው። ቅጽ ሰው ቤት አይሞሉም፤ ነቀምት እስክንደርስም አያቆዩትም። ከግቢው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን መኪናው ይቆማል፣ መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን እንሞላለን። «ሰው ቤት ከሞላሽው ይሉኝታ ይጽፍልሻል። ቤትሽ ደርሰሽ ከሞላሽው ርኅራኄ ይጽፍልሻል» ይሉ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ ራሴን ችዬ በወጣሁበት በመጀመሪያው ቀን ረሳሁት።

ሲስተርን ያን ሳምንት ጊምቢ በኩል የኩፍኝ ወረርሽኝ ወስዷቸው ነበር። «አንቺ ሂጂ፤ ታውቂዋለሽ» ብለው እኔን ከዴዴሳ ማዶ ወደምትገኝ አንዲት ከተማ ላኩኝ። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ቦርሳዬ ውስጥ ጨው፣ ሻማ፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ ሎሚ፣ ትርፍ ነጠላ ይዤ ስገባ ፈይሳ «ወይዘሮ የሺ፣ ጤና ጣቢያውን ጭነው መጡ፤ የቀረው ሐኪሙ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

መዋያው የሚያምር ነበር። አኮ ጂፋሬ ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል፤ ለዚህ ነው ሁሉም «አኮ»፣ አያቴ፣ የሚሏቸው። ልጆቹ እንደ ዛፍ ይወጡባቸዋል። የልጆቹ ዓይን ንጹሕ፣ ጥፍራቸው የተቆረጠ፣ ውሃው የፈላ። ያገኘሁት ጉድለት የሣር ክዳኑ ማድ ቤት ከልጆቹ አዳራሽ ጋር መያያዙን ነበር፤ መለየት አለበት ብዬ በልቤ ያዝኩ። ከዚያ ብረቱን ደወልኩ። ደሜ ድስቷን ትታ ወጣች፣ ኦቦ ቶለራ በሩን ከፍቶ ያዘ፣ ልጆቹ የአኮን ቀሚስ ይዘው ወጡ። ልቤ ሞቀ።

«አኮ፣ አሁን ይቁጠሯቸው» አልኩ።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው አዩኝ። «ምን?»

«ከወጡ በኋላ መቆጠር አለባቸው። ቅጹ ይላል።»

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ቅጹ ወልዶ ያውቃል?»

ደሜ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«የሰው ልጅ ለገበያ የተነዳ ከብት ነው እንዴ? አንቺስ የራስሽን ትቆጥሪያለሽ?»

አልቆጥርም። እናቴ ልጅ ከተቆጠረ ዓይን ያርፍበታል ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስንት ልጅ አለሽ ለሚለኝ ሁሉ «እግዜር የሰጠኝን ያህል» እላለሁ። ያን ሁሉ አደጋ የማስብ ሴት የሰው ልጅ ላይ ጣቴን እየቀሰርኩ አንድ፣ ሁለት ማለት እሳቱን ከመጥራት የባሰ መሰለኝ።

«ፊታቸውን አውቃለሁ» አሉ አኮ። «አንዱ ቢጎድል ሆዴ ይነግረኛል። ሁሉም አሉ።»

ከዚያ ቤታቸው አስገብተው አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥር ቀቅለው፣ በቅቤ አቀረቡልኝ። እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም። እሳቸው በእጃቸው እያጎረሱኝ፣ እኔ ቅጹን አወጣሁና እዚያው፣ ምግቡ አጠገብ፣ ምልክቱን አደረግሁ። ሁሉም ወጥተዋል፣ ተቆጥረዋል።

መንገድ ላይ ፈይሳ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ሣሩ ጋ አንቆምም?»

«ሞልቼዋለሁ።»

ፈይሳ ሣሩን በመስኮት አይቶ ነዳጁን ረገጠ። 

ብዙ ሳይቆይ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ስለ ሣር ክዳኑ የጻፍኩት ማስታወሻ ገና ከወረቀቶች መሀል ነበር። እሳቱ ከማድ ቤቱ ተነሥቶ በንፋስ ወደ አዳራሹ ተሻገረ፤ ልጆቹ ምሳ በልተው የሚተኙበት ሰዓት ነበር። እኔ ባየሁት መልክ፣ ያው ብረት ተደውሎ፣ ያው በር ተከፍቶ፣ የአኮን ቀሚስ ይዘው ወጡ። አኮ ፊታቸውን አዩና «ሁሉም አሉ» አሉ። ደሜ ወደ ውስጥ የተመለሰችው ልጅ ፍለጋ አልነበረም፤ የዱቄቱን ጆንያ ልታድን ነው። በጢሱ ውስጥ ስትዳብስ እጇ ያረፈው በለሊሴ እግር ላይ ነበር።

የቡና ጫኝ መኪና ነቀምት ሆስፒታል አደረሳቸው። ለሊሴ በእናቷ በአዴ ሶሬቲ ጭን ላይ ነበረች፤ ግራ እጇ እስከ ክርኗ በቅቤና በቅጠል ተሸፍኗል፣ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ያፏጫል። የአራት ዓመት ልጅ ናት። ሲስተር ራሔል ተቀብለዋት ገቡ። እኔ ከእናቷ ጋር ደጅ ቀረሁ። አዴ ሶሬቲ እያለቀሰች እንዲህ አለችኝ፦

«ይህቺ ልጅ ሰሌን ጀርባ መተኛት ትወዳለች። ይሞቀኛል ትላለች። እናንተ ደወል የደወላችሁ ዕለትም እዚያው ተኝታ ቀርታ ነበር አሉ። ከሄዳችሁ በኋላ ደሜ አግኝታት፣ ሲስቁባት ዋሉ።»

አንድ ጊዜ መልሳ እንድትነግረኝ ለመንኳት። መልሳ ነገረችኝ። ያን ቀን ብናስቆጥር ኖሮ፣ ልጅ ሰሌን ጀርባ እንደሚቀር ያን ቀን እናውቀው ነበር። ደወሉ ሊነግረኝ መጥቶ ነበር፤ አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር እጃቸውን እየታጠቡ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ትኖራለች አትኖርም ለማለት ገና ነበር። ፎጣውን አነሡ።

«ቅጹን የት ሞላሽው?»

«አንጮቴ እየበላሁ።»

«እሺ።»

«ከሥራ ያስወጡኛል?»

«ላስወጣሽ እችላለሁ። የምትተካሽ ሴት ግን እሷም አታስቆጥርም። እኔስ የእህቶቼን ልጆች ቆጥሬ አውቃለሁ?» ፎጣውን አጣጥፈው ሰጡኝ። «ልጅቷ አልጋ አጠገብ ትውያለሽ። ሲሻላት ወደዚያው ከተማ ትመለሻለሽ። ሳትቆጥሪ አንድ ልጅ ሲጎድል የሚታይበትን ነገር ይዘሽልኝ ነይ። ሳትይዢ ግን አትምጪ።»

ለሊሴ ተሻላት። ሾርባ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። በአማርኛ ሳናግራት በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ በኦሮምኛ ሳናግራት በአማርኛ። አንድ ቀን ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አድርጋ «ያን ብረት የምትደውይው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጠንክረሽ ደውዪ። አልሰማሁም።»

ከዚያ ወዲያ ስሜን «አዴ ደወል»፣ ወይዘሮ ደወል፣ አደረገችው። ሆስፒታሉ በሙሉ በዚያ ጠራኝ፤ አልተቀየምኩም።

ወደ ከተማዋ ስመለስ አኮ ጂፋሬ ከተቃጠለው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነበር። አሥር ዓመት ያረጁ መሰሉኝ።

«ልትከሺኝ መጣሽ?»

«ራሴን ከስሼ ነው የመጣሁት፣ አኮ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲስተር ያሉኝን ነገርኳቸው። እንዲህ አሉ፦ «እኔ ብዙ ወልጄያለሁ። ለምሳ ሲቀመጡ ቆጥሬያቸው አላውቅም። ግን አንዱ ከቀረ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ ያየኛል። ሜዳው ላይ ግን ማንም ቦታ የለውም፤ ይራወጣሉ። ሆዴ የዋሸኝ ለዚያ ነው።» መሬቱን በጣታቸው ጫሩ። «ልጅ አይቆጠርም። ባዶ ቦታ ግን ይታያል።»

በማግሥቱ ልጆቹን ይዘን ወንዝ ወረድን፤ እያንዳንዱ መቀመጫ የሚሆነውን ድንጋይ መረጠ። ቶሎሳ የመረጠውን ኦቦ ቶለራ «ይህ ልጅ ተራራ ነው የሚያሸክመኝ!» እያለ ተሸክሞ አመጣው። ድንጋዮቹን ከሕንፃው ርቆ ሾላው ሥር ደረደርናቸው፤ የእያንዳንዱን አንድ ፊት በኖራ ነጭ ቀባን። ሕጉ ይህ ነው፦ ልጁ ጠዋት ሲገባ ከአዋቂ ጋር ሆኖ ነጩን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ድንጋዩን ይገለብጠዋል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ መልሶ ነጩን ወደ መሬት ያደርገዋል። ደወል ሲሰማ እያንዳንዱ ሮጦ የራሱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ነጭ ሆኖ ባዶ የሆነ ድንጋይ ካለ፣ የዚያ ድንጋይ ልጅ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ አልሠራም። የጫላ ድንጋይ ለጥ ያለ ስለነበር ሁሉም እሱ ላይ ለመቀመጥ ተጣሉ፤ የማን ባዶ እንደሆነ ጠፋን። ስለዚህ እናቶቹን ጠርተን እያንዳንዷ ለልጇ ምልክት እንድትሥል አደረግን። አንዷ እንስራ፣ አንዷ ዶሮ፣ አንዷ መስቀል ሣለች። ከዚያ ወዲህ የሰው ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። ለለሊሴ አዴ ሶሬቲ ደወል ሣለችላት። ልጅቷ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ተመልሳ መጥታ ስትቀመጥበት፣ አኮ ጂፋሬ ወደ ግድግዳው ዞረው አለቀሱ።

አቶ መኩሪያ ይህን ስነግራቸው «ወይዘሮ የሺ፣ ለበላይ ‹ድንጋይ› ብዬ ልጻፍ?» አሉ። ሲስተር ራሔል «አይጻፉ፤ መጥተው ይዩት» ብለው እዚያው ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ወዳለው መዋያ ወሰዷቸው፤ እዚያም ድንጋዮቹ ገብተው ነበር። ብረቱ ተደወለ። አቶ መኩሪያ ሲጋራ አውጥተው ክብሪት ይፈልጉ ነበር። ልጆቹ ተቀመጡ። ዶሮ የተሣለበት አንድ ድንጋይ ነጭ ሆኖ ባዶ ቀረ። ሞግዚቷ ወደ መጸዳጃው ሮጠች፤ ቀበቶው የተቋጠረበትን ልጅ ታቅፋ ስትመለስ አቶ መኩሪያ ሲጋራቸውን ገና አልለኮሱም ነበር። ክብሪቱን ወደ ኪሳቸው መለሱ። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ መቁጠርን የሚጠይቀው መስመር ወጥቶ «ባዶ ቦታ የሚታይበት መንገድ አለ ወይ?» የሚል ገባ። ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የአራተኛ ክፍሏ።

ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ ድንጋዩን ይዘን ዞርን። አርጆ ላይ በክረምት ንፋስ የመዋያውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስደው፣ ሞግዚቷ አንድ ባዶ ድንጋይ አይታ ተመልሳ ጠረጴዛ ሥር የተደበቀ ልጅ አወጣች፤ የቀረው ጣራ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሲስተር ወሬውን ሲሰሙ ከኪሳቸው ቀዩን ክር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ዛሬም አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ሁሉ መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ሳልቀመጥ አንድ ቅጽ አልሞላሁም። ፈይሳ ሳይነገረው መኪናውን ያቆም ነበር።

ለሊሴ ለትምህርት ስትደርስ አባቷ ኦቦ ገቢሳ መሬት አግኝቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አንገር ቆላ ወረደ። በሄዱበት ጠዋት አኮ ጂፋሬ ድንጋይዋን በመኪና ላኩልኝ። «ነጩን ወደ መሬት ማድረግ አቃተኝ፣ አንቺ ዘንድ ይሁን» ብለዋል አለኝ የላኩት ሰው። እኔም አልገለበጥኩትም፤ ደጄ ላይ ነው፣ ኖራውን በየዓመቱ እቀባዋለሁ። አኮ ጂፋሬም ሲስተር ራሔልም አሁን የሉም።

ከዚያ ወዲህ የለሊሴ ወሬ አልደረሰኝም፤ ስለዚህ ይህን የሚያነበውን ሰው እለምናለሁ። ለሊሴ ገቢሳ ትባላለች፤ እናቷ አዴ ሶሬቲ ናት። ግራ እጇ ላይ እስከ ክርኗ የእሳት ጠባሳ አለ። ዛሬ ምናልባት የልጆች እናት ናት። ያለችበትን የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ብቻ በመጣ ሰው ላኩብኝ። አዴ ደወል ትጠይቅሻለች በሏት።